ሁልጊዜ ታኅሣሥ 22

ቤታችን ያለችው ካሜራ ባትሪዋ በወጣ ቁጥር ቀኑን ትረሳለች። ባትሪውን ቻርጅ አድርጋችሁ ስትመልሱላት «ጃንዋሪ 1፣ 2000፣ 00:00» ብላ ትነሳለች። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22፣ 1992፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ማለት ነው። ሌላ ምንም አልሆነችም። ሌንሷ ንጹሕ ነው፤ ፍላሿ ይሠራል፤ የሰው ፊት ስታነሳ ደግሞ እኔ የያዝኩት ስልክ አይደርስባትም። ያለባት ችግር አንድ ብቻ ነው፤ ያ አንዱ ችግር ግን ለዓመታት ሳይሰለች ይመላለሳል።

ይሄ ጽሑፍ ስለ ካሜራ ጥገና አይደለም። የማነሳው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ የሚመላለስ ጉድለትን ችሎ መኖር እስከ የት ድረስ ትዕግስት ይባላል? ከየት ጀምሮ ነው ሌላ ስም የሚያስፈልገው? እዚህ ከተማ ላደገ ሰው ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ፍልስፍና አይደለም። ኮልፌ ላይ ያደግን ልጆች ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ጀሪካን መደርደር፣ መብራት ሲጠፋ ሻማው የት እንዳለ በጨለማ በእጅ ማግኘት፣ የማይዘጋውን የበር ቁልፍ ትንሽ ወደ ላይ ነቅነቅ አድርጎ መዝጋት ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረን ነው የቻልነው። ጉድለትን መቻል እኛ ጋ እንደ ሙያ ነው። ቤት የገባ እንግዳ በሩን መዝጋት ሲያቅተው «ቆይ፣ አንተ አትችልበትም» እንለዋለን። በኩራት ጭምር።

መጀመሪያ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። ዲጂታል ካሜራ ውስጥ ከዋናው ባትሪ ሌላ፣ ሰዓቱን ብቻ የምታንቀሳቅስ አንዲት ትንሽ ባትሪ አለች። ዋናው ሲወጣ ወይም ሲያልቅ እሷ ሰዓቱን ይዛ ትቆያለች፤ ዋናው ሲመለስ ደግሞ ከሱ ቻርጅ ታደርጋለች። ዓመታት ሲያልፉ ግን መያዝ ያቅታታል። አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ይቺ ባትሪ ሳንቲም የምታክል፣ በቀላሉ ወጥታ የምትቀየር ናት። የእኛዋ ላይ ግን ከቦርዱ ጋር ተበይዳለች። እሷን ለመቀየር ካሜራዋን እስከ መጨረሻው መፍታት ያስፈልጋል። ስትፈታ ደግሞ የፍላሹ ካፓሲተር አለ፤ ካሜራዋ ጠፍታም ቢሆን 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ለማያውቅ እጅ አደገኛ ነው።

ከኮልፌ መርካቶ ቅርብ ነው። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ «ተበላሸ» የሚባል ነገር የለም፣ ገና ሌላ ነገር ያልሆነ ዕቃ ብቻ ነው ያለው። እኔ ግን የሄድኩት ካሜራና ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ጋ ነበር። አገላብጦ አያትና «ለመሆኑ ይቺን የያዝካት ፎቶ ለማንሳት ነው ወይስ ሰዓት ለማየት?» አለኝ። ከዚያ ቁም ነገሩን ነገረኝ፦ «ትከፈታለች። ግን ሪቦኗ አርጅቷል፤ ከተከፈተች በኋላ እንደ ድሮዋ እንደምትነሳ ቃል አልገባልህም። በዚች ችግር ከምትገድላት ችለሃት ኑር።» ምክሩ ትክክል ነው። የሚሠራን ነገር ትንሽ ጉድለቱን ለማጥፋት ብሎ ሙሉ በሙሉ ማጣት ሞኝነት ነው። እኔም በሥራዬ ሳልነካቸው የማልፋቸው አሮጌ ኮዶች አሉ፤ ጉድለታቸውን አውቀዋለሁ፣ ብነካቸው የሚመጣውን ግን አላውቀውም።

ስለዚህ ችለናት መኖር ጀመርን። «ችለን» የምትለዋ ቃል ግን ብዙ ትደብቃለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ሜኑ ገብቶ ቀኑን መሙላት ደንብ ነበር። ሜኑው ጳጉሜን አያውቅም፣ ጠዋት 2 ሰዓትንም 8 ነው የሚለው፤ ስለዚህ በሙላት ውስጥ ሁለት ጊዜ መተርጎም አለ። ቆይቶ ቸኩለን ለነበርንባቸው ቀናት «በኋላ ይሞላል» ማለት መጣ። ቀጥሎ «ምን ያደርጋል፣ መቼ እንደተነሳ እኛ እናውቀው የለ» ተባለ። ጉድለቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያው ነው፤ አልባሰበትም፣ አልተሻለውም። የተለወጥነው እኛ ነን። መቻል አንዴ ተወስኖ የሚያልቅ ነገር መስሎን ነበር፤ ለካ ባትሪ በተቀየረ ቁጥር እንደገና የሚሠራ ሥራ ነው። ሥራው ሲቆም የቀረው ነገር ትዕግስት አልነበረም፣ መርሳት ነበር። ካሜራዋ ረሳች፣ እኛም መርሳቷን ረሳን።

ከዚህ የከፋ ታሪክ ያለው፣ እሱም የሰዓት ጉድለት የነበረበት ሌላ ማሽን አለ። ፓትሪዮት የሚባለው ፀረ ሚሳይል ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነበር። አንድ አሥረኛ ደግሞ ኮምፒውተር በሚያውቀው የ0 እና የ1 አጻጻፍ ተጽፎ አያልቅም፤ እኛ 1ን ለ3 ስናካፍል 0.333 እያለ እንደሚቀጥለው ማለት ነው። ቦታ ስለማይበቃ ጫፉ ይቆረጣል። የተቆረጠው ኢምንት ነው፤ ማሽኑ ሳይጠፋ በቆየ ቁጥር ግን ይጠራቀማል። 100 ሰዓት ያህል ሲሠራ ስህተቱ 0.34 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ስከድ ሚሳይል በዚያች ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መላው ቀላል ነበር፤ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ስህተቱን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ችግሩ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ለተጠቃሚዎቹ የተላከው ማሳሰቢያ ግን «በጣም ረጅም ጊዜ» ሲሠራ ችግር እንደሚፈጠር እንጂ በጣም ረጅም ማለት ስንት ሰዓት እንደሆነ አይናገርም ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25፣ 1991 ሳዑዲ አረቢያ ዳህራን ላይ አንዱ ፓትሪዮት መምታት የነበረበትን ስከድ ሳያገኘው ቀረ፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። የተስተካከለው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው።

የእኛ ካሜራ ማንንም አትገድልም። ማነጻጸሬ ለመጠኑ አይደለም። ከዳህራን የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፦ እዚያ ጉድለቱን ችሎ የሚኖረው አንድ ወገን ነበር፣ ዋጋውን የከፈለው ሌላ ወገን። አንዱ ያወቀው ሌላው ጋ ሲደርስ ቁጥሩ ተቆርጦ ነበር።

አሁን ወደ ሰፈር። የድሮ ፎቶ ያለው ቤት የገባ ሰው ያውቃል፤ ፎቶውን ገልብጣችሁ ጀርባውን ስታዩ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ በእስክሪብቶ «ለማስታወሻ» የሚል ጽሑፍና ቀን አለ። ቀኑን የሚጽፈው ሰው ነው። ሊሳሳት ይችላል፣ ሊዋሽም ይችላል፤ ግን የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ይታወቃል፣ የሚጠየቅ ሰው አለ። ዲጂታል ፎቶም ጀርባ አለው። ኤግዚፍ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓን ውስጥ የወጣ የአጻጻፍ ደንብ አለ፤ የካሜራው ዓይነት፣ የመዝጊያው ፍጥነትና የተነሳበት ቀን ፎቶው ፋይል ውስጥ ተደብቀው አብረው የሚሄዱት በሱ ነው። ይሄኛውን ጀርባ የሚጽፈው ግን ማሽኑ ነው። ማሽን የጻፈውን ደግሞ ሰው ብዙ አይጠይቅም።

ካሜራዋ ላይ «ቀኑ አይሠራም» ብዬ በፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ለመስቀል የተዋሱን ጎረቤቶቻችን ፕላስተሩን አይተውታል። ፎቶዎቹ ግን ያለ ፕላስተር ነው የሚጓዙት።

የጎረቤታችን ሴት ልጅ ቤይሩት ነው የምትሠራው። አብረን ነው ያደግነው። አባቷ በጥቅምት አረፉ። ከወራት በኋላ ታናሽ ወንድሟ በመስቀል ሰሞን የተነሱትን ፎቶዎች ጥራታቸው እንዳይቀንስ ብሎ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላከላት፤ እንደዚያ ሲላክ ደግሞ የተደበቀው ቀን አብሮ ይሄዳል። አንዱ ፎቶ ላይ አባቷ አልጋ ላይ ናቸው፤ ከስተዋል፤ ራስጌያቸው ላይ ግሉኮስ ተሰቅሏል። እኔ ጋ ጻፈችልኝ፦ «ጃንዋሪ 2፣ 2000 ይላል። አባዬ ያኔ እንዲህ ሸብቶ ነበር እንዴ?» ቀልድ ይመስላል። ቀጥላ ግን እንዲህ አለች፦ «አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ፤ ይሄ ፎቶ ከመስቀል በፊት ነው በኋላ?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ሰፈሩን ማወቅ በቂ ነው። ብዙ የጉራጌ ቤተሰብ በሚኖርበት ሰፈር መስቀል የዓመቱ ትልቁ ቀን ነው፤ በመስቀል ቤቱ የማይደውል ልጅ የለም። እሷም ደውላ ነበር። «አባዬን አገናኙኝ» ስትል «ደህና ነው፣ ወጣ ብሎ ነው» ተብላለች። ፎቶው ከመስቀል በፊት ከሆነ ቤቷ እያወቀ ነው ያላት። በኋላ ከሆነ ምናልባት ሕመሙ ድንገት ነበር።

ልብ በሉ፣ «መቼ» አላለችም። «በፊት ነው በኋላ?» ነው ያለችው። አርስቶትል ፊዚክስ በሚባለው መጽሐፉ ጊዜን የሚያየው በቀደመና በኋለኛ የሚቆጠር የእንቅስቃሴ ቁጥር አድርጎ ነው፤ ለሱም ጊዜ ያለ ፊትና ኋላ የለም። በእኔ ሙያ ደግሞ ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ተራርቀው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ሰዓታቸው ባይገጥም እንኳ «ይሄ ከዚያ በፊት ሆኗል» የሚለውን በቁጥር ብቻ መያዝ እንደሚችሉ አሳየ። ዛሬ ዳታችንን የሚይዙ ብዙ ሥርዓቶች ከዚያ ሐሳብ የወጡ ናቸው። ለአያቶቻችን ግን አዲስ አይደለም። «መቼ ተወለዱ?» ስትሏቸው «ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ» ይሏችኋል። ቀኑ የለም፤ ተራው ግን አለ፣ ተራው ደግሞ አይሳሳትም።

ካሜራዋም እንደነሱ ናት። ቀኑን ትርሳ እንጂ የፎቶ ቁጥሯን አትረሳም፤ እሱ ተመዝግቦ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። የአባትየው ፎቶ ቁጥር ከደመራው ፎቶዎች ቁጥር ያንሳል። ይሄ ብቻውን መልስ ነበር። ግን ከዚህም ማለፍ ይቻላል። ባትሪው ከገባ በኋላ ካሜራዋ የምትቆጥረው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መነሻዋ ብቻ ነው። ከአንድ ፎቶ እስከ ሌላው ያለው ርቀት እውነት ነው። በመካከላቸው ባትሪው አልወጣም፤ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሰዓቷ እንደገና ከዜሮ ይነሳ ነበር። በአባትየው ፎቶና ደመራው ሲለኮስ በተነሳው ፎቶ መካከል 2 ቀን ከ8 ሰዓት አለ። የሰፈሩ ደመራ የተለኮሰው መስከረም 16፣ ወደ ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። ወደ ኋላ ስትቆጥሩ መስከረም 14፣ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ይመጣል።

ቁጥሩን ይዤ ለልጅቷ አልጻፍኩላትም፤ መጀመሪያ ወደ እናቷ ሄድኩ። ፎቶው የእሳቸው ቤት ነው፣ ነገሩም የእሳቸው ነው። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ተወው ልጄ፣ አሁን ማወቁ ምን ያደርግላታል? ካሜራው ተበላሽቷል በላት፤ ደግሞስ ውሸት ነው?» አሉኝ።

ይሄን ቀላል መልስ አድርጋችሁ አትዩት። ያኔ የደበቋት ከጭካኔ አልነበረም። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ «አባቴ ታሟል» ብላ በማግስቱ አውሮፕላን መሳፈር አትችልም፤ ኮንትራት አለ፣ ፓስፖርቷ ሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። ብትሰማ መምጣት አትችል፤ ሥራዋ ላይ ቆማ ማልቀስ ብቻ ነው የሚተርፋት። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው ጽሑፍ ነፍሰ ገዳይ በር ላይ ቆሞ ወዳጅህ የት እንዳለ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይገባህም ይላል። የእኛ አገር እናት በዚህ አትስማማም፤ እኔም ከሷ ጋር ነኝ። ለሚሰማው ሰው ማሰብ የእውነት ጠላት አይደለም።

ግን የራሳችንን ባህል ጠጋ ብላችሁ እዩት። መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው? ሰው ሞቶ ሳለ ለሩቅ ዘመድ ወዲያው አይነገርም። ይቆያል፤ ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ማልደው ሄደው ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን አድርገው ይነግሩታል። መርዶ መደበቅ ይመስላል እንጂ ለእውነት ሰዓት መምረጥ ነው። ሰዓቱ ግን መምጣት አለበት። መርዶ ነጋሪዎቹ ሳይመጡ ከቀሩ ነገሩ መርዶ መሆኑ ይቀራል፤ ውሸት ብቻ ይሆናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለውም የሚያድር ነገር ሲሆን ነው፤ ለዘላለም የሚመሽ ነገር አይጠራም።

እሳቸውንም ያልኳቸው ይሄንኑ ነው፣ ባጭሩ። በመስከረም መደበቁ ለእሷ ነበር፤ አባቷን ልታድን አትችልም፣ እርስዎ ግን እሷን ከጭንቀት ማዳን ይችሉ ነበር። አሁን አባቷ ማረፋቸውን ታውቃለች፣ አልቅሳለች። አሁን የሚደበቀው ከማን የቱን ጉዳት ለመከላከል ነው? «ካሜራው ተበላሽቷል» ማለት ቃሉ እውነት ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ሰው የፈጠረውን ዝምታ ማሽን ላይ ማሳበብ ነው። ካሜራዋ ደግሞ ያን ቀን ሥራዋን በትክክል ሠርታለች፤ ደቂቃ ሳትሳሳት ቆጥራለች።

ብዙ አልተከራከሩኝም። «እኔው ልንገራት፤ አንተ ቀኑን ብቻ ጻፍልኝ» አሉ። ወረቀት ላይ መስከረም 14፣ ጠዋት 4 ሰዓት ብዬ ጻፍኩላቸው። በማግስቱ ደውለው ነገሯት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ የኔም አይደለም። ልጅቷ ለእኔ የጻፈችልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ቁርጡን አወቅኩ፤ ይሻላል።» ፎቶውን አሳጥበው ጀርባው ላይ ቀኑን በእጃቸው እንደጻፉበት ወንድሟ ነገረኝ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ ሁለት መመዘኛ አለው። አንድን ጉድለት ችሎ መኖር ትዕግስት የሚሆነው፣ አንደኛ፣ ጉድለቱ የሚደርስበት ሰው ሁሉ ሲያውቀው ነው። የሚያውቀው አንዱ፣ የሚሸከመው ሌላ ከሆነ፣ ያወቀው ሰው ታጋሽ አይባልም፤ ሸክሙን ለሌላ ያሳለፈ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ጉድለቱ የሚቆጠር ሲሆን ነው። የእኛ ካሜራ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ትሳሳታለች፣ ስለዚህ ስህተቷን ተከትላችሁ ወደ እውነቱ መመለስ ትችላላችሁ። ውሃም እንደዚያው ነው። ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ይመጣል ከተባለና ከመጣ፣ ጀሪካን ደርድሮ መጠበቅ ከባድ ቢሆንም የሚቻል ኑሮ ነው። መቼ እንደሚመጣ ሳይነገረን «ቻሉት» ስንባል ግን የሚጠየቀው ትዕግስት አይደለም፤ አለመጠየቅ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለእኛ ትውልድ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም መቻልን በጣም ጎበዝ ሆነን ነው ያደግነው። በሩን ነቅነቅ አድርገን መዝጋት ስለምንችል ቁልፉ መበላሸቱን ለእንግዳው መናገር እንረሳለን።

ሶፍትዌር ስሠራም አሁን ይሄን እጠይቃለሁ። «ይሄን ችግር እናውቀዋለን» የሚል ማስታወሻ ሳይ፣ «እናውቀዋለን» ውስጥ ያለው «እኛ» ማን ነው? ስልኩን ይዞ ገንዘብ የሚልከው ሰው አለበት ወይስ የለበትም? ማስታወሻው የተለጠፈው ካሜራዋ ላይ ነው ወይስ ከፎቶው ጋር ይጓዛል?